የማላናግረው ሠራተኛዬ

ናኮሮቩላ መንደር፣ ታቬዩኒ ደሴት
ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ኮኮናት 412 ገባ፤ 31ዱ በቅሎ ስለተገኘ ተጣለ። ዘይት፣ የትናንቱ፣ 26 ጠርሙስ። ለማገዶ የሚሆን ልጣጭ በቂ። ሠራተኛ፦ የመጣ ሦስት፤ በመንግሥት አቆጣጠር ሁለት።

ለልጄ ለቶሪካ፣

ቆጠራውን ከሰላምታ ማስቀደሜን አትቀየሚኝ። እጄ እስክሪብቶ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስለመድኩትን ዛሬ ማስተው አልችልም። እንዴት ከረማችሁ? ባልሽ ፒታ የሌሊት ፈረቃውን ተወ ወይስ አሁንም አንዳችሁ ስትገቡ አንዳችሁ እየወጣችሁ በር ላይ ብቻ ነው የምትገናኙት? ሆድሽስ? አምስተኛው ወር ቀላሉ ነው። ስለ ስምንተኛው አሁን አልነግርሽም።

የላክሽው ካርቶን ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። የጉልበት ማሰሪያው ልክ ነው፤ ይህን ስጽፍልሽም አድርጌዋለሁ። የሱፍ ካልሲዎቹን ለማን እንዳሰብሻቸው አላወቅሁም። እዚህ ካልሲ የሚያደርግ ሰው ስለሌለ ጠርሙሶቹ በመንገድ ላይ እንዳይጋጩ አልብሰናቸዋል። የቀባችሁትን ክፍል ፎቶም አየሁት። መስኮቱ ጥሩ ነው። አልጋው ለሕፃን ትልቅ ይመስለኛል።

የምጽፍልሽ በስልክ የማልነግርሽ ነገር ስላለ ነው። ቀን ሲሆን ሠራተኞቼ ሾብናና ቴካይ አጠገቤ ናቸው። ማታ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ኔትወርክ ፍለጋ የሚሰበሰበው የእኔ ደጃፍ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ጃንዋሪ ላይ ሬዲዮው፣ መንግሥት ለትንንሽ ነጋዴዎች የሥራ ፈጠራ ድጋፍ ሊሰጥ ነው አለ። ሦስት ሰው በደመወዝ ቀጥሮ ዓመት ለሚያሠራ ነጋዴ የደመወዙን ግማሽ መንግሥት ይከፍላል። በዓመቱ መጨረሻ ሦስቱም ሥራቸው ላይ ከተገኙ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ዘይት ጨማቂ አዲስ የኤሌክትሪክ መጭመቂያ ይሰጣል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሬዲዮውን ዘጋሁት። አንድ እጅ ሲሰጠኝ ሌላው እጅ የት እንዳለ ሳላይ አልቀበልም። ከዐውሎ ነፋሱ በኋላ በእርዳታ የመጡልንን ስልሳ ጫጩቶች ታስታውሻለሽ፤ እንቁላል እየጠበቅን አሳደግናቸው፣ ስልሳውም አውራ ዶሮ ሆኑ።

ቅጹን ሁለት ቀን አነበብኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ዐሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። «ተቀጣሪው የድርጅቱ ባለቤት ዘመድ ነው?» ይላል። ዘመድ ከሆነ ድጋፉ አይሰጥም። ይህን ጥያቄ ያስገባው ሰው ሌባ ያውቃል። የእህቱንና የአክስቱን ልጆች ስም እያስመዘገበ ገንዘቡን ብቻውን የሚበላ ሰው እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሰውየውን ወደድኩት፤ እንደ እኔ ተጠራጣሪ ነው። ግን መንደር ውስጥ አላደገም። ናኮሮቩላ አርባ ሁለት ቤት ነው። በአባቴ ያልተዛመደኝ በእናቴ፣ በእናቴ ያልተዛመደኝ በጋብቻ። ዘመዴ ያልሆነ ፍጡር ብዬ ብፈልግ ያገኘሁት ሾብናን፣ ቴካይንና የፓስተሩን ውሻ ነው።

ሾብናን ታውቂያታለሽ፣ የሟቹ የጭነት ሾፌር ሚስት፣ ከላይኛው እርሻ ከሕንዶቹ ሠፈር የምትመጣው። ቴካይን አታውቂውም። የራምቢ ደሴት ሰው ነው፤ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የጀልባው ሞተር ቢሰበርበት እዚህ አረፈ፣ ሞተሩ ሲጠገንም አልሄደም። ሁለቱንም ያለ ምንም ችግር ጻፍኳቸው።

ሦስተኛው ሳኪዩሳ ነው። የመጭመቂያውን ዘንግ እንደ እሱ የሚይዝ ሰው በዚህ ባሕር ዳርቻ የለም፤ የት ላይ መጫን፣ የት ላይ መተው እንዳለበት ዘይቱ ራሱ የሚነግረው ይመስላል። ግን የእሱ አባትና የእኔ አባት ወንድማማቾች ናቸው። ለከተማ ሰው ይህ የአጎት ልጅ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ወንድም ነው፤ ወንድምና እህት ደግሞ ካደጉ በኋላ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ከሳኪዩሳ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም፤ ይህም ክብራችን ነው። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ ትእዛዜን የምሰጠው በአጠገቤ ለተገኘ ሰው ነው። «ቴካይ፣ አንድ ሰው የመፈቅፈቂያውን ሞተር ግራሶ ቢቀባው ጥሩ ነበር» እላለሁ፤ ቴካይ ቀና ሳይል ሳኪዩሳ ቀብቶት ይመለሳል። ትንሽ ሆነሽ ይህን ስትኮርጂ፣ ከድስት ጋር እያወራሽ ሾርባ ስታዢ፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ሃያውን ዓመት ሳኪዩሳ የሠራው በዘመድነት ነው። ዘይት ይወስዳል፣ ዱቄት ይወስዳል፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እገዛለሁ፤ ደመወዝ የሚባል አልነበረም። እና ዐሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ «ጎረቤት» ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ነው፤ በቤቱና በቤቴ መካከል ያለው አንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ብቻ ነው። ይህን በስልክ ስነግርሽ ምን ያህል እንደሳቅሽ ታስታውሻለሽ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሰጠኋቸው። ሳኪዩሳ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ስሙን በማሽን ተጽፎ አየው። ሁለት ጊዜ አጥፎ መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የድርሻውን በየወሩ ሳያዘገይ ከፈለ። ይህ ራሱ አስጠረጠረኝ፤ ጥርጣሬዬ ግን በተሳሳተ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ባለፈው ዐርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት ሳይደውል መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ የእሱ ጫማ ግን ንጹሕ ነው። መኪና አለው ማለት ነው፤ መኪናው ግን አይታይም። ከድልድዩ ማዶ አቁሞ በሣሩ ላይ ነው የመጣው። ሳይታይ ማየት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ሳቴንድራ እባላለሁ አለ፤ የድጋፉ ፕሮግራም ተቆጣጣሪ፣ ከላምባሳ ከተማ። ድስቱ ወርዶ ነበርና እንደ ወጉ «ና፣ ብላ!» አልኩት።

«አመሰግናለሁ፣ በሥራ ላይ ምግብ አልቀበልም» አለ።

እህልን እንቢ የሚል ሰው ወይ ሆዱን አሞታል፣ ወይ ይዞት የመጣው ወሬ አብሮ አይበላም።

«ወይዘሮ ኡላሚላ፣ አንድ ጥቆማ ደርሶናል።»

«ምን የሚል?»

«ከሦስቱ ሠራተኞች አንዱ ዘመድዎ ነው የሚል።»

«የትኛው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ዋጋ ቀድሜ አልጠራም።»

ትንሽ ፈገግ አለና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ግን ረጅም ነበር። ከዚያ ሰኞ ተመልሶ ሥራችንን እንደሚያይ ነገረኝ። ሐሰት ከተገኘ ድጋፉ በዚያው ቀን ይቆማል፣ መጭመቂያውም ይቀራል። ይህ ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። የሦስት ሰው ሙሉ ደመወዝ ብቻዬን አልችልም። ሾብና ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ላምባሳ እህቷ ላይ ትወድቃለች፤ ቴካይ ወደ ደሴቱ፤ ሳኪዩሳ ወደ ዱቄቱና ዘይቱ። ዘንጉን በእጅ እየተጫንን ደግሞ ሌላ ዓመት አንዘልቅም። በሩን እዘጋለሁ ማለት ነው።

ማን ጠቆመ? ይህ ጥያቄ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር በላ፣ ከእኔ ጋር ተኛ።

ቅዳሜ ወደ ኤሞሲ ሱቅ ወረድኩ። ኮኮናት የሚገዛ ሌላ ሰው በዚህ መንገድ ላይ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ብዘጋ የሚያተርፈውም እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ መሆኑን አትርሺ፤ በዚያ በኩል ያለ ዝምድና መሰዳደብ የተፈቀደበት ነው፣ እሱ ደግሞ ፈቃዱን አያባክንም። ገና ከደጁ ሳልደርስ ጀመረ።

«ኧረ መርከብ መጣ! መንገድ ልቀቁ! ኡላ፣ ጉልበትሽን በጨርቅ የጠቀለልሽው እንዳይሰረቅ ነው?»

«ኤሞሲ፣ ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም። ለመንግሥት የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ስለ ምን?»

«ስለ እኔ።»

ሚዛኑን አስቀመጠ። «ስለ አንቺ? እኔ? ስሚ፣ አንቺን በአደባባይ መሳደብ ከእናቴ ጡት ጋር ያገኘሁት መብት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ የአባትሽ ቀብር ላይ ሳይቀር ሰድቤሻለሁ። ምን አጥቼ ነው በድብቅ፣ ያውም በወረቀት የምሰድብሽ?»

«ትርፍ።»

«ትርፍ ብፈልግ ኖሮ ‹ዘይቷ ይገማል› ብዬ ነበር የምጽፈው። ከታች ደግሞ ስሜን በትልቁ!»

አመንኩት። ውሸታም ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይዋሽም። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ተመለስኩ፤ ሚዛኑን አየሁበት፣ ልክ ነበር። እሱም አሳሰበኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰውን ጀርባ ስቆጥር ስብከቱ አለቀ። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯን ጠረጠርኩ፤ ባለፈው ዓመት የዘይቱን ዋጋ ስላልቀነስኩላት። ቴካይን ጠረጠርኩ፤ ምክንያት አላገኘሁለትም፣ ለዚህም ይበልጥ ጠረጠርኩት። ሾብናን ጠረጠርኩ፤ ሥራ የፈታች የባል እህት አለቻት። ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ስናጥብ ቀና ብላ፣ «ዲዲ፣ ፊቴ ላይ ምን አለ? ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጎደለ ሚዛን እያየሽኝ ነው» አለችኝ። ዲዲ የምትለኝ በቋንቋቸው ‹ታላቅ እህቴ› ማለቷ ነው፤ እኔ ጠርሙሴን ማጠብ ቀጠልኩ። ሳኪዩሳንም ጠረጠርኩ፣ ከዛፉ እስከ ደጃፌ እስክደርስ ድረስ። በዚያኛው ብቻ አፍሬያለሁ።

ሰኞ ሰውየው መጣ። በዚህኛው ጊዜ መኪናውን በራፍ ላይ አቆመ። ሥራ ላይ ነበርን፤ መፈቅፈቂያው ሞተር ይጮኻል፣ ሳኪዩሳ አጠገቡ ቆሞ ኮኮናቱን ያስይዛል፣ ሾብና የተፈቀፈቀውን በትሪ እሳቱ ላይ ታደርቃለች፣ ቴካይ ማገዶ ያቀርባል። ሳቴንድራ ጥጉን ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ አየን። አየሽ፣ ብልህ ነው። ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይቆጥር ነበር። እኔ ለሾብና ዐሥር ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ለቴካይ ዐሥራ አምስት። ለሳኪዩሳ ምንም።

ከዚያ ተነሣና ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ወይዘሮ ኡላሚላ! ያንን ሰውዬ ሞተሩን እንዲያጠፋው ይንገሩት!»

«ቴካይ…» ብዬ ጀመርኩ።

እጁን አነሣ። «በእሱ በኩል አይደለም። እርስዎ ራስዎ። ቀጣሪው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ቶሪካ፣ ሁለቱንም በር አየኋቸው። ብናገረው፣ ጎረቤት ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ድጋፉ ይቀጥላል፤ ግን በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን ቃል ለወንድሜ የተናገርኩት እሱን ለመካድ ነው ማለት ነው፣ ያውም ሰው ፊት። ዝም ብል ደግሞ ወይ ሠራተኛዬ አይደለም፣ የውሸት ስም ነው፤ ወይ ወንድሜ ነው፣ የውሸት ጎረቤት ነው። በሁለቱም ሐሰተኛ ነኝ። ብዙ ጊዜ ከባድ ገበያ ላይ ቆሜ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ሦስተኛ ዋጋ ይኖራል። በዚያን ሰዓት አልነበረም።

ሾብና ልታድነኝ ሞከረች። «ጌታው! ሻይ! ዝንጅብል ያለበት! ሻይ እኮ ምግብ አይደለም!»

ማንም አልሰማትም። እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም፤ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሞተሩ ጠፋ። ሳኪዩሳ ራሱ ነው ያጠፋው። እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ እኔን ሳያይ በፊቴ ጎንበስ ብሎ አለፈና ሰውየው ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ጻፍ» አለ። «እህቴ ናት። የአባቶቻችን አባት አንድ ነው። ጢሜ ሳይወጣ ጀምሮ አናግሬያት አላውቅም፤ ዛሬም እንድታናግረኝ አልፈልግም። ስሜን ከዝርዝሩ አውጣው።»

ሳቴንድራ ደብተሩን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ዐርብ ዕለት ከመግባቴ በፊት ከደጅ ሆኜ ሳያችሁ ገብቶኝ ነበር» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ላምባሳ ነው ያደግሁት። ጎረቤቶቻችን የእናንተው ሰዎች ነበሩ፤ ሰውየው ለእህቱ መልእክት ሲኖረው በእኔ ነበር የሚልክባት። ግን ቅጹ ላይ ‹ገብቶኛል› የሚል ሳጥን የለም።»

«እኔ ዋሽቻለሁ» አልኩት። «እሱ አልዋሸም። ይህንንም ጻፍ።»

ጻፈው። ደንቡን አነበበልኝ፦ ባለቤቷ ስህተቱን በራሷ ቃል ካመነች፣ በሰባት ቀን ውስጥም ዘመድ ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ካስመዘገበች፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ድጋፉ ይቀጥላል። ለሳኪዩሳ እስካሁን የተከፈለውን የመንግሥት ድርሻ ደግሞ እመልሳለሁ። ትክክል ነው፤ አልተከራከርኩም። ሳኪዩሳ ይህን ሳይሰማ ሽርጡን ሰቅሎ ወጥቶ ነበር።

ወደ መኪናው ሸኘሁት። በሩን ሲከፍት፣ «ማን ነው የጻፈብኝ?» አልኩት።

«ያንን ልነግርዎ አልችልም።»

«አልጣላውም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። «በኢሜይል ነው የመጣው። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ በሥራዬ ብዙ ጥቆማ አነባለሁ። ‹እሰሯት›፣ ‹አስከፍሏት›፣ ‹እንዳትለቋት› ነው የሚሉት። የእርስዎ ግን መጨረሻው ላይ ‹እባካችሁ አትቅጧት፤ ለሥራ በርትታ ነው እንጂ ክፉ አይደለችም፤ እንድታርፍ ብቻ አድርጓት› ይላል።»

ሄደ። አቧራው እስኪወርድ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ ደሴት ላይ የማይወዱኝን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ፤ ብትፈልጊ በፊደል ተራ እጽፍልሻለሁ። እንድከስር የሚፈልጉ አሉ። ዋጋ እንድቀንስ፣ አፌን እንድይዝ፣ ከማኅበሩ እንድወጣ የሚፈልጉ አሉ። እንዳርፍ የሚፈልግ ግን አንድም የለም።

ስለዚህ መጠርጠሬን ትናንት ከሰዓት በኋላ አቆምኩ። ሾብናን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም፣ «ይቅርታው ጥሩ ነው፣ ግን ከስኳር ጋር ቢሆን ይሻላል» ብላ አንድ ኪሎውን ወሰደችው።

አሁን ስለ ሌላ ነገር ልጻፍልሽ። በማርች ወር ወድቄ ጉልበቴን የተጎዳሁት ዘይት ላይ ተንሸራትቼ ነው ብዬሽ ነበር። ወለሉ ደረቅ ነበር። ዓይኔ ጨልሞብኝ ነው የወደቅሁት። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ግፊት ነው አሉኝ፤ ኪኒን ሰጥተውኛል፣ ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ፣ አላቋረጥኩም። ያኔ አንቺ ድምፄን ሰምተሽ አላመንሽኝም ነበር፤ አለማመንሽ ልክ ነበር። በጎደለ ሚዛን የሰፈረ ሰው ሌላው ሞልቶ እንዲሰፍርለት አይጠብቅም። የመጀመሪያውን ጉድለት የሠራሁት እኔ ነኝ።

በምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ቀኑን ሙሉ የምታጥቢያቸው የምታጎርሻቸው እነዚያ እናቶች፣ ልጆቻቸው በዓመት አንድ ጊዜ የሚያዩአቸው፣ በእነሱ ፊት ላይ የእኔን ፊት እንደምታዪ አውቃለሁ። ይህን ለማወቅ ማንም መጠቆም አያስፈልገውም። የቀባችሁት ክፍል የሕፃን እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በዚያ አልጋ ላይ የሚተኛ ሕፃን አላየሁም። ጥሩ ክፍል ነው፣ ልጄ። ግን እኔ ኮኮናት ሳልቆጥር የማድርባት ቀን ማረፊያዬ አትሆንም፤ መቁጠር የተሳነኝ ቀን ናት። ስትወልጂ እመጣለሁ። ሁለት ወር እቆያለሁ፤ በዚያ አልጋ እተኛለሁ፤ ሕፃኑን አጥባለሁ፣ ፒታንም አጎርሳለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።

ሌላ ከእኔ የምትፈልጊው ነገር ካለ ደግሞ ለእኔ ጻፊልኝ። አድራሻዬን ታውቂዋለሽ።

የዛሬው ወሬ ይኸው ነው። ሳኪዩሳ እንደ ወትሮው አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ሽርጡን አደረገ። እኔ፣ «ቴካይ፣ ስሙ ከዝርዝር የወጣ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?» አልኩ። ሳኪዩሳ ዘንጉን እያጸዳ፣ «ሾብና፣ ይህ መጭመቂያ የመንግሥት ንብረት የሆነው መቼ እንደሆነ አንድ ሰው ያስረዳኝ» አለ። «ቴካይ፣ አንድ ሰው ከእንግዲህ በዱቄትና በዘይት አይሠራም። ደመወዙን ሙሉውን እኔ እከፍላለሁ፤ ወረቀቱም እንደ ድሮው ስሙ ተጽፎበት ይወጣል» አልኩ። ዘንጉን ጠርጎ ጨረሰ። ከዚያ፣ «ሾብና፣ እሺ በያት» አለ።

ሾብና ትሪዋን ጥላ ተነሣች። «ሁለታችሁም እኮ እዚሁ ናችሁ! በሦስት ክንድ ርቀት! ዲዲ፣ ያን ሦስተኛ ሠራተኛ ፍለጋ አትልፊ፤ የአስተርጓሚ ብለሽ ሁለተኛ ደመወዝ ለእኔ ጻፊልኝ!»

ሳኪዩሳ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለየብቻችን፣ ወደየግድግዳችን ዞረን።

ሁሉንም ስትደምሪው ሸክሙ ከበፊቱ ይከብደኛል፤ አልደብቅሽም። ያለ መንግሥት ድጋፍ የእሱን ደመወዝ ለመክፈል በሳምንት ስምንት ጠርሙስ መጨመር አለብን። ይቻላል። አዲሱ መጭመቂያ ከመጣ ደግሞ በደንብ ይቻላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ለሾብና እሰጥና ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴን እለካለሁ፤ ቁጥሩን በየሳምንቱ እልክልሻለሁ፤ እንደ ዘይቱ ቆጠራ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

በሆድሽ ያለውን እግዚአብሔር በጊዜው፣ በደኅና እጅሽ ላይ ያኑርልሽ። ለምታጥቢያቸው እናቶች እጅሽ ይለስልስላቸው። ፒታን ሰላም በይልኝ፤ ሌላ ካልሲ እንዳይገዛ። አልተቀየምኩሽም። ይህን የምልሽ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ስላልደወልኩልሽ ተቀይማለች እንዳትዪ ነው።

እናትሽ
ኡላሚላ

ነገ፦ ከቴካይ ጋር በዐሥራ ሁለት ሰዓቱ ጀልባ ወደ ራምቢ። ታናሽ እህቱ ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ወላጆቿን መጠየቅ። ቅጹን መያዝ። ደብዳቤውን ስንመለስ ፖስታ ቤት ማስገባት።